በመስፈሪያው የቀረው ባሩድ

ይህቺ ልጅ ያንን ሰው እዚህ ቤት ድረስ የጠራችው ምን ልታደርገው ይሆን?

አያት ይህን ጥያቄ ከነቃችበት ሰዓት ጀምራ እንደሚያም ጥርስ በምላሷ ስትነካካው ነበር። አልጋዋን ስታነጥፍ ጠየቀችው፤ ሻይ ስታፈላ ጠየቀችው፤ ወለሉን፣ ያውም አንዴ የተጠረገውን ወለል፣ እንደገና ስትጠርግ ጠየቀችው። ልጅቷን ራሷን እንዳትጠይቅ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ የልጅቷ መልስ ሁሉ «ምንም አይደለም እምዬ» ሆኗል። «ምንም አይደለም» የሚል ሰው ደግሞ፣ አያት በዕድሜዋ እንዳየችው፣ አንድ ነገር በሆዱ የቋጠረ ሰው ነው።

ቤቱ ከፊት መሣሪያ መጠገኛ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። በመሀል በር የለም፤ መጋረጃ ብቻ። አያት ማድ ቤት ቆማ እንኳ ሞረዱ ብረት ሲበላ፣ ብረት መያዣው ሞርሳ ሲጠብቅ ትሰማለች። መጀመሪያ ባሏ፣ ቀጥሎ ልጇ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጇ የቆሙበት የሥራ ጠረጴዛ ጠርዙ በክንድ ብዛት ተበልቶ ጎብጧል። ቤቱ በአንድ ነገር ይታወቅ ነበር፤ በአፏ የምትጎርስ ጠመንጃ በመሥራትና በማደስ። የዚህች ጠመንጃ ጥይት ከኋላ አይገባም። ባሩዱ በመስፈሪያ ተለክቶ በአፈሙዟ ይፈስሳል፤ በላዩ ላይ በሞራ የታሸ ጨርቅና የእርሳስ አረር ይገባል፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ መጨረሻ ላይ እሳት የምትጭር ትንሽ የነሐስ ቆብ ከበስተኋላዋ ይደፋባታል። አንዴ ትተኩሳለች። ሁለተኛ ለመተኮስ ሥራው ሁሉ ከሀ ይጀመራል። ጎሽ ደግሞ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ ጨዋ እንስሳ አይደለም።

«ለዚህ ነው የምወዳት» ይል ነበር ልጇ። «ደጋግማ የምትተኩስ ብትሆን ኖሮ እርድ ነው እንጂ አደን አይባልም።»

«ታዲያ ጎሹ ቢያርድህስ?» ትለው ነበር አያት።

«ያኔማ አደን መሆኑ በደንብ ታወቀ» ብሎ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ባለፈው ዓመት፣ ሣሩ ደርቆ ወንዙ በቀጠነበት ሰሞን፣ ከባለሆቴሉ ጋር አንድ ብቻውን የሚዞር ሽማግሌ ጎሽ ሊያድኑ ወጡ። ባለሆቴሉ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ በአንድ ሳህን የበሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኙ። የወጡት ሁለት ሆነው ነው፤ የተመለሰው አንድ ነው። ጠመንጃዋም ተመለሰች፤ ሰደፏ ተሰንጥቆ፣ ቆቧ ተመትቶ፣ ግን ሳትተኩስ። ልጅቷ በሰው ፊት፣ በአባቷ አስከሬን አጠገብ፣ አረሩን በጠምዛዛ ብሎን ስባ ስታወጣው ከስሩ አንድ ቅንጣት ባሩድ አልነበረም። አረሩ በባዶ ብረት ላይ ነበር የተቀመጠው።

«ወንድሜ ራሱ ነው ያጎረሳት» አለ ባለሆቴሉ እያለቀሰ። «ቸኩሎ ባሩዱን ረሳው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሰው ሁሉ አመነው። እሱ ሲያወራ የማያምን የለም። ከዚያ ቀን በኋላ መሣሪያ ይዞ ወደዚህ ቤት የመጣ ደንበኛ በጣት የሚቆጠር ነው። ይባስ ብሎ ነገሩ ቀልድ ሆነ። በሆቴሉ ውስጥ አስተናጋጁ ባዶ ብርጭቆ ሲያመጣ፣ «ባሩዱን ረሳኸው እንዴ?» ይሉታል። ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ለአያት የነገራት ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ሊያስቃት ፈልጎ። የሟቹ እናት መሆኗን ረስቶት ይሆናል። አያት ዳቦዋን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ዋናው መንገድ ወጥታ አታውቅም።

ልጇ ባሩድ አይረሳም! በዚህ ቤት ከባሏ ዘመን ጀምሮ አንድ ሕግ አለ፤ ጠመንጃ የሚያጎርስ ሰው አይናገርም፤ አይናገሩትምም። ልጇማ ባሩድ የሚቀመጥበትን ቀንድ ውታፍ በጥርሱ ነክሶ ነበር የሚያጎርስ፤ አረሩ ተጠቅጥቆ እስኪያበቃ ድረስ ከአፉ አያወጣውም። ቤት ቢቃጠል አይናገርም። ባለሆቴሉ ግን ሲበላም ያወራል፣ ሲተኛም ያወራል። አያት ይህን ታውቃለች፤ ልጅቷም ታውቃለች። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማሳየት ሌላ። ጎሹ አይመሰክር፣ ሟች አይናገር።

እና አሁን ይህቺ ልጅ፣ ገና ጨቅላ ሳለች እናቷን ያጣች፣ አያት በጉያዋ ያሳደገቻት ልጅ፣ ለዚያ ሰው መልእክት ላከችለት። «ጎሹ ወንዙ ዳር እንደገና ታይቷል አሉ። ጠመንጃዋን አድሻታለሁ፤ ይምጡና ይውሰዷት፤ የአባቴን ደም እርስዎ ይመልሱልኝ።»

ምን አስባ ነው? አያት ጠዋት ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በመጋረጃው ሾልካ ገብታ ነበር። ጠመንጃዋን ከግድግዳው አውርዳ ዘንጉን በአፈሙዟ ከተተች። ድርብ ባሩድ ጠጥታ እንዳትፈነዳበት፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ አረር እንዳይኖር ፈራች። ዘንጉ እስከ ታች ወረደ፤ ባዶ ናት። ስኳር ዕቃውን አሸተተች፤ ስኳር ነው። ቢላዎቹን ቆጠረች፤ አሉ። ከዚያ እፎይ ማለት ነበረባት። ይልቅ ጭንቀቷ ጨመረ። የተደበቀ ነገር ከተገኘ ይወሰዳል፤ ያልተገኘው ነው የሚያስፈራ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ጸሎቷም አልወጣ አላት።

«እናቴ! የት አለች እናቴ?»

ባለሆቴሉ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ገባ። አዲስ የአደን ኮት ለብሷል፤ ኪሱ የበዛ፣ ገና የሱቅ ሽታው ያልለቀቀው። አያትን አንገቷን አቅፎ ወዘወዛት።

«ከሳሽ እኮ! ምነው? አትበይም እንዴ? አንቺ ልጅ፣ እናቴን አታበያትም?»

«ትበላለች» አለች ልጅቷ። «ይግቡ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ድሮ «አንተ» ነበር የምትለው። ትከሻው ላይ ተሸክሟት ገበያ ያዞራት ነበር።

ሰውየው ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄዶ ጠመንጃዋን አነሳ፤ ሰደፏን ዳሰሰ፤ ስንጥቁ የተጋጠመበትን በጣቱ ፈለገና አጣው። «እንዴት ያለች እጅ ናት!» አለ። «የአባትሽ እጅ። እውነቴን ነው፤ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፈቃዱን አውጥቻለሁ፤ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ዱካ አንባቢው ውስጡ ተቀምጦ ያንጎላጃል። ዛሬ ያንን ጎሽ አንዴ ዓይኔ ብቻ ይየው! ቀንዱን የምሰቅልበት ምስማር ከባንኮኒው በላይ ተመቶ ባዶውን አፍጥጦ ይኸው ዓመት ሞላው። ከስሩ የአባትሽን ፎቶ አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ እያየው ይጠጣል።»

«እያየው ይስቃል» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ተይ! ያ እኮ የሰካራም ቀልድ ነው። እኔ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እቆጣለሁ።»

አያት ቀና ብላ አየችው። የሚቆጣ ፊት አልነበረም።

«በሉ እንግዲህ ያጉርሷት» አለች ልጅቷ። «የእኛ ቤት እጅ ባሩድ ይረሳል ይባላልና እርስዎ ራስዎ ቢያጎርሷት ይሻላል።» የባሩድ ቀንዱን፣ መስፈሪያውን፣ ጨርቁን፣ አረሩን፣ የቆቦቹን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ፊቱ አቀረበችለት፤ ለእንግዳ ቁርስ እንደሚቀርብ።

ባለሆቴሉ ትንሽ ተሸማቀቀ፤ ቢሆንም እጅጌውን ሰበሰበ። ማጎረስ ያውቃል፤ ልጇ ነው ያስተማረው። ጠመንጃዋን በሰደፏ አቆማት፤ የቀንዱን ውታፍ ነቀለ፤ መስፈሪያውን በባሩድ እስከ አፉ ሞላው፤ እንዳይደፋ በጣቱ አስተካከለው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ልክ በዚያች ሰዓት፣ «ያን ቀን እንዴት እንደነበረ እስቲ ይንገሩኝ። ከሰው ነው የሰማሁት፤ ከእርስዎ አፍ ቁጭ ብዬ አልሰማሁም።»

አያት ከበርጩማዋ ላይ ደነገጠች። በዚህ ቤት፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ የሚያጎርስ ሰው ሲጠየቅ ሰምታ አታውቅም። «ዝም በይና ያጉርስ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የልጅቷን ዓይን አየችና መልሳ ዘጋችው።

ባለሆቴሉ ግን ተረት ተጠይቆ እንቢ የሚል ሰው አይደለም።

«ምን ልበልሽ» አለ። «ነፋሱ ከፊታችን ነበር፤ ሽታችንን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሸምበቆው ከወገብ በላይ ነው። አባትሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በደረታችን ተሳብን። ክርናችን ደማ። ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ እፍ ማለት አይቻልም። ከዚያ አየነው። ጭቃ ተለቅልቆ፣ ጭቃው ደርቆበት፣ ግድግዳ ነው የሚመስል። ወፎቹ ጀርባው ላይ ይመላለሳሉ። ቀንዱ፣ የኔ ልጅ፣ ቀንዱ እንዲህ!» መስፈሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ። «እንዲህ ተዘርግቶ፣ ግንባሩ ላይ ተጋጥሞ፣ ድንጋይ! አባትሽ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ ቅረብ ማለቱ ነው። ይህች ጠመንጃ ከሩቅ አትሆንም። ያለችን እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ይዣት ቀረብኩ። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ቃታውን ሳብኩ። ጭሱ ዓለሙን ሸፈነው! ጭሱ ሲገለጥ ጎሽ የለም፤ ደም አለ።»

«ምን ዓይነት ደም?»

«ደም ነዋ። ጠቆር ያለ፣ የሣር ፍርፋሪ ያለበት።»

«ሆዱን ነው የመቱት ማለት ነው።»

«ነፋስ ቅጠሉን አወዛወዘው እንጂ እኔማ ትከሻውን ነበር…» ጉሮሮውን ጠረገ። «የቆሰለ ጎሽ ከሸምበቆ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ይሸሻል ብለሽ ታስቢያለሽ። አይሸሽም። ዞሮ በራሱ ዱካ ዳር ቆሞ ይጠብቅሻል። አባትሽ ይህን ያውቃል። "ቆስሎ አይተውም፤ ነገ ለእንጨት የምትወርድ ሴት ላይ ይወጣል" አለ። አጠገባችን የነበረ ኩይሳ ላይ ወጣ። ዓይኑን ከሸምበቆው አልነቀለም። እጁን ብቻ ወደ ታች ዘርግቶ፣ "በል በል፣ ቶሎ በል" ይለኛል…»

ቆመ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ምን ይልዎታል?» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«"ቶሎ በል"… ማለቴ ራሱን ነው። ለራሱ ነው የሚናገረው።»

«ኩይሳ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ራሱን?»

«ሰው ሲጨንቀው… አንቺ ደግሞ! ከዚያ ወረደና ተቀብሎኝ አጎረሳት። ቸኩሎ ነበር አላልኩም? ቸኩሎ!» ፊቱ ወዝ አወጣ። እጁ ሥራ ፈለገ። ጨርቁን አፈሙዟ ላይ አነጠፈ፤ አረሩን አስቀመጠ፤ በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ዘንጉን አነሳ። «ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ ይህን ነገር። ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ኩይሳ ላይ ሆኖ ማጎረስ እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወረደ። ወረደ ማለት ነው።» እየተናገረ ገፋ፤ እየገፋ ተናገረ።

ዘንጉ ታች ሲደርስ «ቋ» አለ።

አያት ከጠመንጃ ሠሪ ጋር ዕድሜዋን የኖረች ሴት ናት። አረር ባሩድ ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም፤ ትራስ ላይ እንደወደቀ ነገር ነው። «ቋ» የሚለው ብረት ከብረት ሲገናኝ ነው። ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ሮጠ። መስፈሪያው እዚያው፣ ሰውየው የጎሹን ቀንድ ሊያሳይ ያስቀመጠበት ቦታ፣ እስከ አፉ ሙሉ እንደሆነ ቆሟል።

ልጅቷም አይታዋለች። ዘይት የነካውን መወልወያ ጨርቅ አነሳችና፣ ጠረጴዛ እንደምታጸዳ ሁሉ፣ መስፈሪያው ላይ ጣል አደረገችው።

አያት አሁን ገባት። መርዝ የለም፤ ቢላዋ የለም፤ የሚፈነዳ ብረት የለም። ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው። የቀረውን ሰውየው በገዛ አፉና በገዛ እጁ ሠራው። አሁን ኮቱን ቆልፎ ይወጣል፤ ሸምበቆ ውስጥ ይገባል፤ ያ ጎሽ ተነስቶ ሲመጣ ጠመንጃዋን ደግኖ ቃታውን ይስባል፤ ቆቧ «ጧ» ትላለች፤ ሌላ ነገር የለም። ልጇ ያየውን ያያል። ልጇ በመጨረሻ የሰማውን ይሰማል። በሆቴሉስ ምን ይሉ ይሆን? «ባሩዱን ረሳው» ይላሉ።

የአያት ልብ በደስታ ዘለለ። ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሴት፣ የሰውየውን ወፍራም አንገት፣ አዲሱን ኮሌታ አየችና «ይገባዋል» አለች በሆዷ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይሂድ! እሷ ምን አደረገች? ተቀምጣለች። አሮጊት ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፤ አላየችም።

«በሉ ጋሼ፣ ቆቧን እዚያው ሲደርሱ ይደፉባታል» አለች ልጅቷ። የቆቦቹን ቆርቆሮ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «በሰላም ይግቡ።»

የፊት በሩ ተንኳኳና ዱካ አንባቢው ራሱን አስገባ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ! ነፋሱ ሳይዞር። ወይስ ጎሹ ወሬዎን ሰምቶ በሳቅ እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?» ብሎ አያትን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ እማማ፣ አላየኋችሁም። አንድ ብርጭቆ ውሃ አይጠፋም?»

አያት ቀዳችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ። የኔይቱ ሴትዮ ዛሬ ጠዋት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "እንዲያው ለአንድ ቀን እንኳ ከኋላ ሂድ፤ ልጆችህን እኔ ብቻዬን አልወለድኳቸውም።" አሁን ዱካ ከኋላ ሆኖ ይነበባል? ከፊት የሚሄደው እኔ፣ ጠመንጃ የሚይዘው ጋሼ! እሳቸው ካልሳቱ እኔ ምን አለብኝ?» እየሳቀ ውሃውን ጨለጠው።

አያት ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ይህን አላሰበችም ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ዱካ አንባቢው መኪናው ውስጥ የሚቀር፣ ሰውየው ብቻውን ሸምበቆ የሚገባ መስሏት ነበር። ጨርቁ ላይ ያረፉት ጣቶቿ ተሰበሰቡ። አሁን ትናገራለች፣ አለች አያት በልቧ። አሁን ጨርቁን ታነሳለች። የኔ ልጅ ናት፤ ድመት ስትታመም አብራ የምትታመም ልጅ ናት። በይ እንጂ ልጄ። በይ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጨርቁን አላነሳችም።

ባለሆቴሉ ጠመንጃዋን ትከሻው ላይ አደረገ። ዱካ አንባቢው ብርጭቆውን መለሰ። የበሩ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አያት ያኔ አንድ ነገር በግልጽ አየች፤ ጎሹ ዛሬ ሸምበቆ ውስጥ ማንንም ቢገድል፣ ይህቺን ልጅ እዚሁ ቤት ውስጥ ገድሏታል። ነገ «ምንም አይደለም እምዬ» ትላለች፤ ከነገ ወዲያም ትላለች፤ እስክትሞት ድረስ።

ተነሳች። የቆቦቹን ቆርቆሮ ከሰውየው እጅ ሥር ላፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«እናቴ?» አለ ባለሆቴሉ።

«እምዬ፣ ተይ» አለች ልጅቷ። «እምዬ፣ አንቺን አይመለከትሽም።»

«አባትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አይመለከተኝም?» አለችና ጨርቁን ከመስፈሪያው ላይ አነሳችው።

ባሩዱ ጥቁር ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ተስተካክሎ፣ ሙሉ ነበር። ባለሆቴሉ አየው። ከዚያ ጠመንጃዋን አየ። ዘንጉን በአፈሙዟ ከተተ፤ «ቋ» አለ። እንደገና አወጣና ከተተ። «ቋ።» ጠመንጃዋን እንደሚያቃጥል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«እና እኔ ከፊት ልሄድ ነበር» አለ ዱካ አንባቢው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄ… ይሄ የዛሬ ነው» አለ ባለሆቴሉ። «እያወራችኝ ረሳሁት። ሰው እያጎረሰ ይወራል? እናንተው ራሳችሁ አይወራም አላላችሁም?»

«ያን ቀንስ ማን አወራዎት?» አለች ልጅቷ።

እሱ ዝም ሲል አያት ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። በርጩማው ላይ ተደፋ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ ያጎረስኳት» አለ ከመዳፉ ውስጥ። «ላለመፍራት ብዬ እለፈልፍ ነበር፤ ምን እንደምለፈልፍ እንኳ አላውቅም። ባሩዱን ያፈሰስኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ሙች መስሎኝ ነበር።»

አያት ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቃዋለች! ሲመጣ ግን እንደጠበቀችው አንጀቷን አላራሰውም። እንዲያውም አነደደው።

«እሺ» አለች። «ባሩዱን ያፈሰስክ መስሎህ ነበር። "እሱ ነው የረሳው" ስትልስ፣ ያኔም መስሎህ ነበር?»

ባለሆቴሉ ፊቱን ከመዳፉ አላወጣም።

«አየሽ እምዬ?» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አየሽ ማንን እንዳተረፍሽ? ትተሽው ቢሆን ኖሮ!»

«እሱን አይደለም ያተረፍኩት፣ አንቺ ደንቆሮ!» አያት ልጅቷን እንዲህ ብላ ተሳድባ አታውቅም። «እሱንማ ጎሹ ረግጦ ቢጨርሰው ዛሬ እራቴን በደንብ እበላ ነበር። አንቺን ነው! የማንም ደም በዚህ ጨርቅ ሥር አይደበቅልሽም!»

ባለሆቴሉ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሆኖም ምላሱ ቀስ በቀስ እየተመለሰለት ነበር፤ ወድቆ እንደተነሳና አቧራውን እንደሚያራግፍ ሰው።

«እናቴ፣ ስሚኝ። ጥፋቴን አውቃለሁ። ከነገ ጀምሮ ያንን ቀልድ አስቆማለሁ፤ እንዲያ የሚል ሰው ከሆቴሌ ይወጣል። መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚህ ቤት እንዲመጣ እናገራለሁ። እኔ ስናገር እንደሚሰሙኝ ታውቂያለሽ። የምትጠይቂኝን አደርጋለሁ።»

«ሆቴልህ ሂድና፣ "ያጎረስኳት እኔ ነኝ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ" በል። የምጠይቅህ ይኸው ነው።»

«እሱን… እሱን እንዴት? እናቴ፣ እኔ እኮ በአፌ የምኖር ሰው ነኝ። ዛሬ እንዲህ ነው ብዬ ነገ እንዲያ ብል ማን ያምነኛል? ልጆች አሉኝ። ስሜ ነው ያለኝ።» ጠጋ ብሎ እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንደ ምስጢር። «እሱ እንደሆነ ሞቷል። አይሰማ፣ አያይ። ለሞተ ሰው ይሄ ምን ይከብደዋል?»

ልጅቷ ትንፋሽዋን ስትስብ ተሰማ። ዱካ አንባቢው ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፋ።

አያት እጇን ከእጁ አወጣች። ምን ይከብደዋል? ስታጥበው፣ ስትገንዘው፣ ያን የተሰበረ ጎኑን ስታገጣጥም የነበረችው እሷ ናት። ክብደቱን ታውቃለች። ሰውየውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በልጅነቱ ወተት የሚጠጣበትን ኩባያ እያስታወሰች ይሁን፣ ወይም ምንም ሳታስታውስ፣ ከፊቷ አይታወቅም ነበር።

ዛሬ እሑድ ነው። በዚህ ሰዓት በሆቴሉ በረንዳ ላይ ባዶ ወንበር የለም፤ ዳቦ ጋጋሪውም አለ፣ ድሮ ደንበኛ የነበሩትም አሉ።

መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ጥቁር ሻርፗን ይዛ ተመለሰች። አገጯ ሥር አጥብቃ አሰረችው። ጫማዋን አጠለቀች፤ አንዱ ማሰሪያው አስቸገራት፤ ጎንበስ ብላ አስተካከለችው።

«እናቴ፣ ወዴት ነው?» አለ ባለሆቴሉ። «ተቀመጪ፤ እንነጋገር።»

ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መስፈሪያውን አነሳች። አንዲት ቅንጣት እንዳትፈስስ በሌላው መዳፏ ከደነችው፤ ከነፋስ ሻማ እንደሚከልል ሰው።

«እናቴ! ያንን ወዴት ነው የምትወስጅው?» አሁን ገብቶታል። ቆመ። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ! እናቴ፣ እለምንሻለሁ፣ እኔ እኮ ልጅሽ… አንቺ ልጅ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ዱካ አንባቢው ከደጃፉ ተነስቶ መንገድ ለቀቀላት። አያት ዓይኗን ከመዳፏ ላይ ሳትነቅል፣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች፣ ከቤቱ ወጥታ የሆቴሉን መንገድ ያዘች።